ለሚፈታ ዕቃ ሁሉ ቁጥር ስጡት

«ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውም፣ ቆራሌውም፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉትም «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» (ዕቃን ከመጣል ይልቅ ጠግኖና መልሶ መጠቀም) የሚባለው ቃል ሳይመጣ ሥራውን ሲሠሩ ኖረዋል። የጎደለው መዝገብ ነው። ስልክና ላፕቶፕ የምትጠግኑ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ የትኛው ስክሪን ከየትኛው ስልክ እንደወጣ ከወር በኋላ ማን ያስታውሳል?

ውድ ሶፍትዌር አትግዙ። ጎግል ሺት (ነፃው የጎግል የኢንተርኔት ሠንጠረዥ) ይበቃል።

ዕቃው ሱቅ እንደገባ፣ ገና ሳይፈታ፣ ቁጥር ስጡት፤ ለስልክ ስ001፣ ለላፕቶፕ ላ001 እያላችሁ። (ፊደሉን ካልጨመራችሁ ሺቱ የፊት ዜሮዎቹን ይበላቸዋል።) ስልክ ከሆነ *#06# ስትነኩ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥርም ጻፉ፤ ሁለት ሲም የሚወስድ ከሆነ ሁለቱንም። ዋናው ነገር ግን ስልኩ ሲፈታ ነው፦ የወጣው ክፍል ሁሉ የእናቱን ቁጥር ይዞ ይውጣ። ስ041 ከተፈታ ካሜራው ስ041-1፣ ስክሪኑ ስ041-2 ይሆናል። ያ ስክሪን ሌላ ስልክ ላይ ገብቶ ደንበኛ «ይቆራረጣል» ብሎ ሲመለስ፣ ከየት እንደመጣና ማን እንደገጠመው በአንድ ፍለጋ ታገኙታላችሁ።

ቁጥሩን ዕቃው ላይ በስቲከር ለጥፉት። በስልክ ካሜራ እንዲነበብ ኪውአር ኮድ ስትሠሩ «ጽሑፍ» የሚለውን ምረጡና ቁጥሩን ብቻ አስገቡ። ኮድ ከሚሠሩት ድረ ገጾች ውስጥ በራሳቸው ሊንክ በኩል የሚያዞሯችሁ አሉ፤ ነፃው ጊዜ ሲያልቅ ስቲከራችሁ ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የደንበኛ ስምና ስልክ ኮዱ ውስጥ አይግባ፣ ማንም ስካን ያደርገዋላ! ስቲከር ስለሚቧጨር ቁጥሩን ከሥሩ በግልጽ ጻፉት።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ። እኔ በኛ አቆጣጠር ጀምሬ ጥቅምት 30ን 30/2 ብዬ ስጽፍ፣ ሺቱ ፌብሩዋሪ 30 መስሎት ቀን ነው ብሎ አልቀበልም አለኝ። ጳጉሜንማ ተዉት። የፈረንጁን ተጠቀሙ፣ የኛን ከፈለጋችሁ ጎን ላይ በጽሑፍ።

በነገራችን ላይ የአውሮፓ ኅብረት ከፌብሩዋሪ 18፣ 2027 ጀምሮ ገበያው ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ እንዲህ ያለ መዝገብ፣ «ዲጂታል ፓስፖርት» የሚሉትን፣ ግዴታ አድርጓል። ሐሳቡ ያው ነው፣ ሰነዱ ብቻ ይወፍራል።

የመጨረሻው ዓምድ «የት ሄደ» ይሁን፦ ተሸጠ፣ ለመለዋወጫ ተፈታ፣ ለቆራሌው ተሰጠ። ያበጠ ባትሪ ከሆነ አትውጉት፣ አትጫኑት፤ ለብቻው ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ አስቀምጡና ማን እንደተረከበው ጻፉ። ከዚያ ዓርብ ዓርብ «የት ሄደ» ባዶ የሆኑትን አጣሩ። ወይ መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ ወይ ጎረቤት ሱቅ «አንዴ አውሰኝ» ብሎ ወስዷቸዋል።