የዘይት መብራት ሲበራ፦ በድሮ መኪና ላይ የዘይት ግፊት ማነስን መመርመር

ቀዩ የዘይት መብራት የሚናገረው ስለ ዘይቱ ብዛት ሳይሆን ስለ ግፊቱ ነው። በአብዛኞቹ የድሮ መኪኖች ላይ ሞተሩ ላይ የታሰረው የግፊት ሴንሰር መብራቱን የሚያበራው ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲወርድ በመሆኑ፣ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በኮሎውና (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በብሮንዚኑ (ኮሎው የሚዞርበት ስስ ማቀፊያ) መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ሲጠፋ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ሞተሩ ጭነት ላይ ከሆነ ደግሞ ብሮንዚን ለማቃጠል ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን በሚያወጣው አቀበት ላይ መብራቱ የበራበት አሽከርካሪ «ደጀን ልድረስና አሳየዋለሁ» ማለቱ የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ የመጎተቻ ኪራይ የቱንም ያህል ቢወደድ ሞተር አውርዶ ከማሠራት ወጪ ጋር አይወዳደርም።

ከሁሉ በፊት ዘይቱን ማየት

መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ከቆመና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ የዘይት መለኪያ ዘንጉ ይወጣል፣ ይጠረጋል፣ እንደገና ገብቶ ይነበባል። በተዳፋት ላይ የተወሰደ ንባብ አይታመንም። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ይሞላል፤ ነገር ግን ሞልቶ መሄድ ብቻውን መፍትሄ ስላልሆነ ዘይቱ የት እንደገባ መፈለግ ያስፈልጋል። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ፋሻዎቹ (የፒስተን ቀለበቶቹ) ወይም የቫልቭ ጎማዎቹ አልቀዋል። ጭስ ከሌለ ደግሞ ሞተሩ ከሥር ይታያል፤ ሴንሰሩ ራሱ በእርጅና ምክንያት ዘይት ሲያንጠባጥብ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከተገኘ ግን ደስ ሊል አይገባም። ጠብታውን በጣት መካከል አሽቶ ማሽተት ይጠቅማል፦ ቀጥኖ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ፣ ላዳን በመሰሉ ካርቡሬተር ባላቸው መኪኖች ላይ በሞተሩ ጎን የሚታሰረው የነዳጅ ፖምፓ ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ተቀዶ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ሆድ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ፖምፓውም ዘይቱም አብረው ይቀየራሉ። የወተት ሻይ መልክ የያዘ ዘይት ደግሞ ውሃ እንደገባበት ያሳያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ስለሆነ፣ ያ ሳይጠገን ሞተሩ መነሳት የለበትም።

ሴንሰሩ ነው ወይስ ግፊቱ?

ዘይቱ በመጠንም በመልክም ደህና ሆኖ መብራቱ ከበራ ብዙ ሰው በቀጥታ ሴንሰር ይገዛል። ከዚያ በፊት የሚሠራው ሙከራ ቀላል ቢሆንም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይተረጎማል። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ የሴንሰሩ ሽቦ ሲነቀል መብራቱ ካልጠፋ፣ ሽቦው በሚያልፍበት መስመር ላይ ተልጦ ከሞተሩ ወይም ከቦዲው ጋር እየተነካካ ነው። መብራቱ ከጠፋ ሽቦው ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለት ግን አይደለም። ሴንሰሩ ጤነኛም ቢሆን ሽቦው ሲነቀል መብራቱ መጥፋቱ አይቀርም። «ስነቅለው ጠፋ፣ ስለዚህ ሴንሰሩ ነው» በሚል ድምዳሜ የተቃጠሉ ሞተሮች ቀላል አይደሉም።

እውነቱን የሚለየው በሴንሰሩ ቦታ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ጌጅ ብቻ ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ጌጅ የሌለው ጋራዥ ግምቱን ይነግርዎታል እንጂ መርምሮልዎታል ማለት አይቻልም። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ለብዙዎቹ የድሮ የቶዮታ ሞተሮች የተሰጠው ልክ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ቢያንስ 0.3 ባር፣ በደቂቃ በ3,000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ባር ነው። ጌጁ ከዚህ በላይ እያነበበ መብራቱ ከበራ ጥፋተኛው ሴንሰሩ ነው፤ ይቀየር። አዲሱ ሲገባ ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመው ነጭ የቧንቧ ቴፕ መብዛት የለበትም፤ ሴንሰሩ ከሞተሩ ጋር የኤሌክትሪክ ግንኙነት የሚያገኘው በዚያው ጥርስ ስለሆነ፣ ቴፑ ከለየው መብራቱ ጭራሽ ላይበራ ይችላል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ቁልፉን ከፍቶ የዘይት መብራቱ እንደሚበራ ያረጋግጥ፤ ችግሩን ለመደበቅ አምፖሉ የተነቀለበት መኪና በገበያ ላይ አለ።

ሲሞቅ በሚኒሞ የሚበራ፣ ነዳጅ ሲሰጡት የሚጠፋ

በድሮ መኪና ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ምልክት ይህ ነው፤ ትርጉሙም ዘይቱ ቀጥኗል ወይም የሚያልፍበት ክፍተት ሰፍቷል የሚል ነው። ቀላሉ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ያልተቀየረ ወይም ከሞተሩ ጋር የማይስማማ ዘይት ነው። ሁለተኛው የሞተሩ ከልክ በላይ መሞቅ ነው። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ከፍታ ላይ በክዳን ግፊት ያልታፈነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ውሃው ፈጥኖ ይፈላል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ዘይቱም ይቀጥናል። አቀበት ጨርሶ ቆም ሲል ብቻ መብራቱ ብልጭ የሚልበት መኪና ካለ፣ ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ማቀዝቀዣው መታየት አለበት።

ዘይቱ ተቀይሮ፣ ሙቀቱም ልክ ሆኖ ምልክቱ ካልጠፋ ጥርጣሬው ወደ ብሮንዚን ይሄዳል። ይህን ሞተር ሳያወርዱ ለማጣራት የወጣውን የዘይት ፊልትሮ (ማጣሪያ) ቆርቆሮ በመጋዝ ቆርጦ፣ ወረቀቱን ዘርግቶና ጨምቆ በፀሐይ ማየት ጥሩ ዘዴ ነው። ብርማ ብናኝ የብሮንዚኑ የላይኛው ለስላሳ ሽፋን መበላት መጀመሩን ሊያመለክት ይችላል፤ መዳብ የሚመስል ቀይ ብናኝ ከታየ ግን ያ ሽፋን አልቆ ወደ ሁለተኛው ተደርሷል። ማግኔት የሚስበው ብናኝ ከብሮንዚን የመጣ ሳይሆን የብረት ነው። ከሥር ድም ድም የሚል ድምፅ ከተጨመረበት ሞተሩ ይወርዳል፣ ኮሎው ቶርኖ ቤት ተለክቶ ካስፈለገ ይሞረዳል፣ በልኩም ብሮንዚን ይገባለታል። ኮሎው ሳይለካ አዲስ ብሮንዚን ብቻ መክተት ገንዘብ ማባከን ነው።

ወፍራም ዘይት ወይም «ግፊት ይጨምራል» ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው ፈሳሽ መብራቱን ለተወሰነ ጊዜ ያጠፋዋል፤ ክፍተቱን ግን አያጠበውም። እንደ እንጅባራ ባለ ብርዳማ አገር ደግሞ ወፍራም ዘይት ማለዳ ላይ ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል። የመኪናው መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ በዘይት ውፍረት ደረጃ ከ15ደብሊው40 ወደ 20ደብሊው50 መሄድ ነውር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ማወፈር መኪናውን ለመሸጥ እንጂ ለመንዳት አይጠቅምም።

በቁልቁለት ወይም በመታጠፊያ ብቻ የሚበራ

ዘይቱ ሲያንስ በቁልቁለት ወደ ፊት፣ በአቀበት ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የዘይት ፖምፓው መሳቢያ አየር ይስባል። መጠኑ ሙሉ ሆኖም እንዲሁ ከሆነ መሳቢያው ተሰንጥቆ ወይም ቡሎኑ ላልቶ ሊሆን ይችላል።

ሥር ከተመታ ወይም ሞተር ከተከፈተ በኋላ የበራ

ከዋናው አስፋልት ወጥቶ በገጠር መንገድ የሚነዳ ሰው የሞተሩን ሥር ድንጋይ ሲመታበት ዘይት ካልፈሰሰ ተርፌያለሁ ይላል። የዘይት መያዣው ሳህን ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ግን የመሳቢያውን አፍ ሊደፍነው ይችላል። ሳህኑ ወርዶ ይቃናል፤ በዚያው አጋጣሚ የመሳቢያው ወንፊት ይታጠባል። ሳህኑ በሲሊኮን የታሸገ ከሆነ ወደ ውስጥ የተረፈው ሲሊኮን ተቆርጦ ወንፊቱን ይዘጋል፤ ስለዚህ ሲሊኮኑ በስሱ ይቀባል። ወንፊቱ ንጹሕ ሆኖ ግፊቱ በየትኛውም ዙር ዝቅ ያለ ከሆነ የግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ በቆሻሻ ተይዞ ክፍት መቅረቱ ይታያል፤ እሱም ደህና ከሆነ የፖምፓው ጥርሶች ክፍተት ይለካል።

የዘይት ፖምፓ ሲቀየር አዲሱ ከመታሰሩ በፊት ውስጡ በዘይት ይሞላል፤ ደረቅ ፖምፓ ዘይት ለመሳብ ይቸገራል። ከዚያም ቤንዚን ሞተር ከሆነ የካንዴላ ሽቦዎቹ ሳይሆን የኮይሉ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው) መጋቢ ሽቦ ተነቅሎ፣ ናፍጣ ከሆነ ነዳጁ ተዘግቶ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ሞተሩ በሞቶሪኖ (በማስነሻው) በአጭር በአጭሩ ይዞራል። መብራቱ ከጠፋ ሞተሩ ይነሳል፤ ጌጁም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለና ከሞቀ በኋላ ተነቦ ሳይጻፍ አይፈታም።