ስልካችሁ ሞልቶ ፎቶ ማጥፋት ከመጀመራችሁ በፊት

ስልኩ ሞላ ሲል ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ጋለሪ ይገባና የልጁን ልደት ፎቶ መሰረዝ ይጀምራል፣ እባካችሁ ቆይ፣ መጀመሪያ መነካት ያለበት እሱ አይደለም። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዛ ስቶሬጅ ዩሴጅ ግቡ፣ ከየቻናሉ ሳታውቁት የወረደ ቪዲዮ ስንት ጂቢ ይዞ እንደተቀመጠ ታያላችሁ። ክሊር ካሽ በሉት፣ ሲክሬት ቻት ካልሆነ ሰርቨሩ ላይ ስላለ ሲያስፈልግ እንደገና ይወርዳል። ዋትሳፕ ግን እንደዛ አይደለም፣ አንዴ የጠፋ ላይመለስ ይችላል፣ አይታችሁ አጥፉ።

ወደ ባክአፑ (የፎቶውን ሌላ ቅጂ ማስቀመጡ) እንምጣ። አንድ ፎቶ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይኑር፣ ሦስት ከሆነ ደግሞ አንዱ ከቤት ውጪ ይሁን፣ ምክንያቱም ሌባ ከገባ ላፕቶፑንም ሃርድ ዲስኩንም አንድ ላይ ነው የሚወስደው። ለዚህ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገኝ ማስቀመጫ) ጥሩ ነው። ጉግል በነፃ 15 ጂቢ ይሰጣል፣ ግን ጂሜይልና ድራይቭም ከዛው ላይ ነው የሚበሉት (ያለገደብ የነበረው ጊዜ በፈረንጆች ጁን 2021 አብቅቷል)፣ አይክላውድ ደግሞ 5 ጂቢ ብቻ ነው። ባክአፑን በዋይፋይ ብቻ እንዲሠራ አድርጉት፣ አለበለዚያ የወር ፓኬጃችሁን ሙልጭ አድርጎ ይጨርሰዋል።

አሁን የምለውን በደንብ ስሙኝ፣ ብዙ ሰው ፎቶውን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። ጉግል ፎቶስ ላይ "ባክአፕ ሆኗል" ብላችሁ እዛው አፑ ውስጥ ዲሊት ካላችሁ ከስልኩም ከክላውዱም ነው የሚጠፋው፣ ትራሽ ውስጥ 60 ቀን ይቆይና በቃ። ስልኩን ብቻ ማቅለል ከፈለጋችሁ "ፍሪ አፕ ስፔስ" የሚለውን ንኩ፣ ክላውድ ላይ የገቡትን ብቻ ለይቶ ከስልኩ ያነሳል። አይፎንም አይክላውድ ፎቶስ ከበራ ያው ነው፣ ከስልኩ ያጠፋችሁት ከአይፓዱም ይሄዳል፣ ስለዚህ ማጥፋቱን ተዉትና "ኦፕቲማይዝ አይፎን ስቶሬጅ"ን አብሩት፣ ዋናውን ፎቶ አይክላውድ ላይ ይዞ ስልኩ ላይ ትንሹን ያስቀምጣል።

ለሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስም ማክም ላይ እንዲሠራ ኤክስ ፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት፣ ፎርማት ሲደረግ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ገና ባዶ እያለ ይሁን። በዓመትና በወር ፎልደር ክፈሉ፣ "2016 መስከረም ሠርግ" ዓይነት ስም ይበቃል። ኮፒው ሲያልቅ የሁለቱን ፎልደር የፋይል ብዛትና መጠን አስተያዩ፣ ከየመሀሉም ጥቂት ፎቶ ክፈቱ፣ አንድ ቪዲዮም እስከመጨረሻው እዩ። በተለይ በርካሽ የተገዛ "2 ቴራ" ፍላሽ ከሆነ ይሄን እንዳትዘሉ፣ ውስጡ ትንሽ ሆኖ ትልቅ መስሎ እንዲታይ የተደረገ ብዙ አለ፣ የፋይሉ ስም ቁጭ ብሎ ይታያል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው።

ውጪ ያለ ዘመድ የሠርግ ፎቶ በቴሌግራም ሲልክላችሁ ደግሞ "በፋይል ላከው" በሉት፣ እንደ ፎቶ ከላከው ቴሌግራም ስለሚጨምቀው ለማሳጠብ ስትወስዱት ይደበዝዛል።