ዋይፋይ ሲቆራረጥ፣ መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ ለዩ

ባሕር ዳር ቤታችሁ ኢንተርኔት አስገብታችሁ በየሰዓቱ እየጠፋ ካስቸገራችሁ፣ ራውተሩን ማጥፋትና ማብራት ብቻውን አያዛልቅም። ችግሩ ከቤት ነው ወይስ ከውጭ? መጀመሪያ ይሄን እወቁ።

ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ። ዊንዶውስ ከሆነ ሲኤምዲ (cmd፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ከፍታችሁ የራውተሩን አድራሻ ፒንግ አድርጉ፤ ማለትም መልስ ይሰጥ እንደሆነ ለማየት ping ብላችሁ ከክፍተት በኋላ አድራሻውን ጻፉ። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ አለዚያ ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን እዩ። በሌላ መስኮት 8.8.8.8ን (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ ነው) ፒንግ አድርጉ። ሁለቱም ፒንጎች እንዳይቆሙ ከአድራሻው ቀጥሎ ክፍተት፣ ሰረዝና የእንግሊዝኛውን ቲ (-t) ጨምሩ።

ኔት ሲጠፋ ሁለቱንም ተመልከቱ። ራውተሩ እየመለሰ 8.8.8.8 ዝም ካለ፣ ችግሩ ከቤት ውጭ ያለው መስመር ላይ ሊሆን ይችላል። የጠፋበትን ሰዓት መዝግባችሁ ለአቅራቢው ደውሉ። «ይቆራረጣል» ከማለት ሰዓቱን መንገር በጣም ይረዳል። ራውተሩም ዝም ካለ ኬብሉን፣ አዳፕተሩንና ሶኬቱን ፈትሹ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ አዳፕተር ሊጎዳ ይችላል።

በኬብል ደህና ሆኖ ስልክ ላይ ብቻ ከተቆራረጠ ግን ዋይፋዩ ነው። ቀበሌ 14ም ይሁን ፋሲሎ፣ ቤት ከቤት ከተጠጋጋ የጎረቤት ዋይፋይ ይረብሻል። በራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ፣ 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ፣ ከቻናል (የሞገዱ ክፍል) 1፣ 6 እና 11 ብዙ ሰው ያልያዘውን ምረጡ። ራውተሩንም ከፍሪጅ ጀርባ አውጡት።