በግራፋይት ሻፍት በርካሽ የሚገጠም የጎልፍ አይረን ስብስብ፦ ችግርና መፍትሄ

ያገለገሉ የአይረን (ባለ ብረት ጭንቅላት የጎልፍ ክለብ) ጭንቅላቶችን ከብረት ሻፍታቸው (ዘንጋቸው) ነቅሎ በግራፋይት (በካርቦን ቃጫ) ሻፍት መግጠም ጥሩ ስብስብ በትንሽ ወጪ ለመያዝ የሚያዋጣ መንገድ ነው። ከ5 አይረን እስከ ፒቺንግ ዌጅ (ከ9 አይረን ቀጥሎ የሚመጣው ክለብ) 6 ጭንቅላት፣ 6 ፌሩል (ሻፍቱና ጭንቅላቱ የሚገናኙበትን የሚሸፍን የፕላስቲክ ቀለበት)፣ 6 ግሪፕ (የእጅ መያዣ)፣ ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ማጣበቂያና 7 ሻፍት ይበቃል። ሰባተኛው ሻፍት መጠባበቂያ ነው፤ አንዱ በቆረጣ መበላሸቱ የተለመደ ነው። በጭንቅላቱና በሻፍቱ ብራንድ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ይቻላል። በማጣበቂያውና በዝግጅቱ ላይ ግን አይሞከርም፤ ከታች ከተዘረዘሩት ችግሮች ከባዶቹ የሚነሱት ሻፍቱ ሆዝል በሚባለው የብረት አንገት ውስጥ ከሚገባበት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ነው።

ሻፍቱ አንገቱ ውስጥ አይገባም፣ ወይም ገብቶ ይወዛወዛል

የአይረን አንገት በሁለት ልክ ይመጣል። አንዱ 0.370 ኢንች (9.4 ሚሊ ሜትር) ሆኖ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። ሌላው 0.355 ኢንች (9.02 ሚሊ ሜትር) ሆኖ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ርካሽ የግራፋይት ሻፍት አብዛኛውን ጊዜ በ0.370 ይሸጣል። ስለዚህ ሻፍት ከማዘዝዎ በፊት የተነቀለውን አሮጌ ሻፍት ጫፍ በካሊፐር ይለኩ።

ቀጭኑ ሻፍት ሰፊው አንገት ውስጥ ከገባ ለዚሁ የተሠራ ስስ የናስ ቱቦ ክፍተቱን ይሞላል። ወፍራሙን ሻፍት ጠባቡ አንገት ውስጥ ለማስገባት ደግሞ የሚሰፋው ብረቱ ነው። ይህ በቋሚ ድሪል፣ ጭንቅላቱ በሚገባ ታስሮ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ መሣሪያው ያለው ሱቅ ቢሠራው ይሻላል። ግራፋይቱን ፍቆ ማሳነስ ግን በፍጹም አይደረግም። ጥንካሬውን የሚሰጡት ከውጭ ያሉት ቃጫዎች ናቸው፤ እነሱ ከተፋቁ ሻፍቱ አንድ ቀን መሰበሩ አይቀርም።

ጭንቅላቱ ከሻፍቱ ወጣ ወይም ዞረ

ወጥቶ የመጣውን ሻፍት ጫፍ ይመልከቱ፤ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። ኢፖክሲው ሙሉ በሙሉ ብረቱ ላይ ቀርቶ ሻፍቱ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቀለሙ አልተፋቀም ማለት ነው። ኢፖክሲው ከሻፍቱ ጋር ከወጣ አንገቱ ውስጥ ቅባት ወይም አሮጌ ማጣበቂያ ነበረ። ለስላሳና የሚላጥ ከሆነ ድብልቁ ተዛብቷል ወይም አልደረቀም።

መፍትሄው ሥራውን ከመጀመሪያው መድገም ነው። የአንገቱን ጥልቀት በቀጭን እንጨት ይለኩ (ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ነው)፣ ያንኑ ልክ ሻፍቱ ላይ ያመልክቱ፣ ከምልክቱ በላይ ያለውን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ከዚያ በ100 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻፍቱን ዙሪያውን ይፈጉ እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች አይጎትቱ። አብረቅራቂው ሽፋን ጠፍቶ ፊቱ ደብዛዛ ሲሆን ያቁሙ። አንገቱን በክብ የሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ፣ ሁለቱንም በአልኮል ጠርገው ያድርቁ።

ኢፖክሲው 24 ሰዓት የሚፈልገው፣ ለጎልፍ ክለብ የተሠራው ዓይነት ይሁን። የ5 ደቂቃው ሲደርቅ ተሰባሪ ስለሚሆን የኳስ ምት ደጋግሞ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። በማሸጊያው በተጻፈው ልክ ለክተው ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን ያማስሉ፣ አንገቱን ከውስጥ፣ ሻፍቱን ከውጭ ይቀቡ፣ እያዞሩ ያስገቡ። ከድብልቁ የተረፈውን ጠብታ ካርቶን ላይ ያስቀምጡ። በማግስቱ ጥፍር ካተመበት ክለቡም አልደረቀም፤ ኳስ አይመታበትም። ቅዝቃዜ ማድረቁን ስለሚያዘገይ እንደ አዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ባለ ብርድ ክለቦቹን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ማሳደርና አንድ ቀን መጨመር ይገባል።

ሻፍቱ ልክ አንገቱ አፍ ላይ ተሰበረ

ከብረት ሻፍት ወደ ግራፋይት የሚሸጋገር ሰው አዘውትሮ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ብዙዎችም ጥፋቱን በርካሹ ሻፍት ላይ ያላክካሉ። እውነተኛው ምክንያት ግን የአንገቱ የውስጥ ጠርዝ ስለት መሆኑ ነው። ለብረት ሻፍት የተሠራ ጭንቅላት ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ብረቱን አይጎዳውም። ግራፋይት ግን በእያንዳንዱ ምት ትንሽ በተለመጠ ቁጥር ጠርዙ ቃጫዎቹን ይበላቸዋል። ስብራቱ እንደተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ከሆነ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ።

ሾጣጣ የድንጋይ መፍጫ ወይም ለዚሁ የተሠራውን ሾጣጣ መሣሪያ ድሪል ላይ አስረው፣ በዝግታ፣ የአንገቱን አፍ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ወደ ውጭ ሰፋ እንዲል ያድርጉት። ጣት ሲያስገቡ ምንም ስለት መሰማት የለበትም። ለእያንዳንዱ ጭንቅላት ከአንድ ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የመሰበር ምክንያት ሻፍቱ ውስጥ የሚከተት የክብደት ፒን ነው። የፒኑ ጫፍ ከአንገቱ አፍ በላይ ካለፈ ሻፍቱ መለመጥ ያለበት ቦታ ላይ ይደነድናል፤ ስብራቱም እዚያው ይጀምራል። አጭር ፒን ይምረጡ።

የተሰበረውን ቁራጭ ለማውጣት ወይም ግራፋይቱን ሳይጎዱ ለመንቀል ጭንቅላቱን በሙቅ አየር መንፊያ እያሞቁ ሻፍቱን ቀጥታ በመጎተቻ መሣሪያ ይሳቡ። መጠምዘዝ ቃጫዎቹን ይለያያቸዋል። አሮጌ የብረት ሻፍት ግን በእሳት አሙቆ፣ ሞርሳ ላይ አስሮ፣ ጠምዝዞ ማውጣት ይቻላል። ጭንቅላቱ ከጀርባው የፕላስቲክ ጌጥ ካለው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑት።

ክለቡ በጣም ቀለለ፤ ጭንቅላቱ የት እንዳለ አይሰማም

120 ግራም የነበረው የብረት ሻፍት በ70 ግራም ግራፋይት ሲተካ 50 ግራም ይቀንሳል። ስዊንግ ዌት የሚባለው፣ ክለቡ ሲወናጨፍ እጅ ላይ የሚሰማው የጭንቅላት ክብደት፣ በ5 ነጥብ ገደማ ይወርዳል። ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ ጭንቅላቱ ላይ 2 ግራም ሲጨመር 1 ነጥብ ይጨምራል፤ ርዝመቱ በግማሽ ኢንች ሲጨምር 3 ነጥብ ይጨምራል፤ ግሪፑ በ5 ግራም ሲቀል 1 ነጥብ ይጨምራል።

ውድ ሚዛን መግዛት አያስፈልግም። ክለቡን በወጥ ቤት ሚዛን በግራም ይመዝኑ። ቀጥሎ ቀጭን ጠርዝ ላይ አጋድመው ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ነጥብ ይፈልጉና ከግሪፑ ጫፍ ያለውን ርቀት በኢንች ይለኩ። ከርቀቱ 14 ቀንሰው በክብደቱ ያባዙ። 6,050 አካባቢ ከመጣ ዲ0 የሚባለው የስዊንግ ዌት ደረጃ ነው (ከዲ0 ወደ ታች ሲ9፣ ሲ8 እያለ ይወርዳል)፤ እያንዳንዱ 50 አንድ ነጥብ ነው። ለምሳሌ 380 ግራም የሚመዝንና ሚዛኑን በ29.7 ኢንች ላይ የሚጠብቅ 7 አይረን 380 × 15.7 = 5,966 ይሆናል። ከ6,050 በ84 ስለሚያንስ ሲ8 ገደማ ላይ ነው።

ለግራፋይት ሲ8 እስከ ዲ0 ጥሩ ነው። ሁሉም ክለቦች ተመሳሳይ መሆናቸው ቁጥሩ ራሱ ከሚሆነው ይበልጣል፤ ስለዚህ ዲ2 ለማድረስ ጭንቅላት ላይ እርሳስ መደርደር አንመክርም። ይህን ሁሉ ማጣበቂያ ከመቀባትዎ በፊት በደረቁ ገጥመው ያድርጉት። የጭንቅላቶቹ ክብደት በየክለቡ 7 ግራም ገደማ እየጨመረ መሄድ አለበት፦ 5 አይረን 256 ከሆነ 6 አይረን 263፣ 7 አይረን 270 እያለ። ያነሰው ላይ ፒን ወይም የተንግስተን ዱቄት ይጨመራል። ክለቡ ከተጣበቀ በኋላ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ የእርሳስ ፕላስተር ይለጠፋል።

አንዱ ክለብ ድርቅ፣ ሌላው ልምጥ ይላል

ባለ 0.370 ሻፍቶች ሁሉም በአንድ ርዝመት ስለሚመጡ ቀጭኑ ጫፍ ክለቡ ባጠረ ቁጥር ግማሽ ኢንች እየተጨመረ ይቆረጣል። የመነሻውን ልክ አምራቹ ይሰጣል። ይህን ዘልሎ ሁሉንም ከግሪፑ በኩል ብቻ የቆረጠ ሰው 9 አይረኑ እንደ ቀጭን አርጩሜ ይሆንበታል። ባለ 0.355ቱ ግን ለየክለቡ ተለይቶ የተሠራ ነው፤ ቀጭኑ ጫፍ አይነካም።

በስህተት ከልክ በላይ የተቆረጠ የ6 አይረን ሻፍት አይጣልም፤ ለ7 ወይም ለ8 አይረን ያገለግላል። ሲቆርጡ ቦታውን በፕላስተር ጠቅልለው፣ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ የብረት መጋዝ ሻፍቱን እያዞሩ ይቁረጡ። በአንድ በኩል ብቻ ከገፉ የመጨረሻው ክፍል ይተረተራል። አቧራው ለሳንባም ለቆዳም ጎጂ ስለሆነ ጭንብል ያድርጉ።

ኳሱ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሄዳል (ለቀኝ እጅ ተጫዋች)

ግማሽ ኢንች የረዘመ ክለብ የጭንቅላቱ የውጭ ጫፍ ከመሬት ብድግ ይላል፤ በሻፍቱና በመሬቱ መካከል ያለው አንግል በ1 ዲግሪ ቀጥ ከማለቱ ጋር የሚተካከል ነው። ከጭንቅላቱ ሥር ፕላስተር ለጥፈው ከጣውላ ላይ ኳስ ይምቱ። ፕላስተሩ ላይ የቀረው ጭረት ወደ አንገቱ ከቀረበ አንግሉ ከልክ በላይ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ክለቡን ያሳጥሩ ወይም ማጠፊያ ባለው ሱቅ ያስተካክሉ። የተቀጠቀጠ ለስላሳ ብረት በቀላሉ ይታጠፋል፤ በቅርጽ የፈሰሰ ጠንካራ ብረት ግን ከ1 ወይም ከ2 ዲግሪ በላይ አይሞከርም፣ ሊሰበር ይችላል።

ውስጡ ይንኮሻኮሻል፣ ግሪፑ ይዞራል

ድምፁ ብዙ ጊዜ የደረቀ ኢፖክሲ ፍርፋሪ ነው። ግሪፑን አውጥተው አራግፉት፤ ካልወጣ ጥቂት ጠብታ ኢፖክሲ በሻፍቱ ውስጥ ለቀው ክለቡን በጭንቅላቱ አቁመው ያሳድሩ። የሚዞር ግሪፕ ደግሞ ፕላስተሩ በአኳራጅ በደንብ ሳይርስ የገባ ወይም ልኩ የማይገጥም ነው፦ 0.600 የተጻፈበት ግሪፕ 0.580 ሻፍት ላይ ይላላል። አንድ ዙር የወረቀት ፕላስተር ከሥር ይጨምሩ፣ በላዩ በሁለቱም በኩል የሚጣበቀውን ያልብሱ፣ ግሪፑ ውስጥ አኳራጅ አፍስሰው በአንድ ትንፋሽ ይግፉት። መሃል ላይ ካቆሙ ስለሚይዝ ቀዶ ከማውጣት በቀር መመለሻ የለውም።