ስሙ በኤስ ሲያልቅ፦ «የዮናስ ካፌ»ን በእንግሊዝኛ እንዴት እንጽፈዋለን?

ወሎ ውስጥ ስማቸው በ«ስ» የሚያልቅ ሰዎች ሞልተዋል። ኢድሪስ፣ ዩኑስ፣ አባስ፣ ዮሐንስ፣ ኤልያስ፣ ቴዎድሮስ፤ እንዲያውም አባትየው ኢድሪስ ልጁ ዮሐንስ ቢሆንም እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። በአማርኛ ጣጣ የለውም። «የ»ን ከፊት መለጠፍ ነው፣ ስሙ በምን እንዳለቀ ማን ይጠይቃል? ችግሩ የሚመጣው ደሴ ላይ ታፔላ ሲሰቀል ወይም ላሊበላ ላይ ለቱሪስት የሚሰጥ ጽሑፍ ሲዘጋጅ፣ ያው እንግሊዝኛ ሲገባበት ነው።

እንግሊዝኛ የእኛን «የ» የሚተካው ከስሙ ኋላ በምትመጣ ትንሽ ጭረት (’) እና ኤስ በሚባለው ፊደል ነው። ምሳሌዎቹን በራሳችን ፊደል ስለምጽፍ «ስ»ን እንደ ኤስ ቁጠሩልኝ።

መጀመሪያ ስሙን ሳትነኩ ሙሉውን ጻፉ። ብዙ ታፔላ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ አፖስትሮፊ የምትባለዋን ጭረት ከስሙ ከራሱ ኤስ በፊት ይሰነቅሯትና «ዮና’ስ ካፌ» ይሆናል። ይሄ እኮ ዮና የሚባል ሰው ካፌ ነው። ባለቤቱ ከነስሙ ጠፋ።

ቀጥሎ ጭረቷን ከስሙ በኋላ አድርጉና ሌላ ኤስ ጨምሩ፦ ዮናስ’ስ ካፌ፣ ኢድሪስ’ስ ሱቅ። ሲነበብ «ዮናሲዝ»፣ «ኢድሪሲዝ» ነው። ሁለት ኤስ ተከታትሎ ሲታይ ዓይን አይስብም፤ ግን ትክክል ነው።

ሁለተኛውን ኤስ የሚተዉም አሉ። የአሜሪካው የዜና ወኪል የአሶሺየትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ ለእንደዚህ ያሉ ስሞች ጭረቷን ብቻ ይላል፤ ዮናስ’ ካፌ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የሚያወጣው መመሪያ ደግሞ ኤሱን ይጨምራል። ፈረንጆቹም አልተስማሙም። ኳስ የምታዩ ልጆች የኒውካስልን ስታዲየም ስም በእንግሊዝኛ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሴንት ጄምስ ፓርክ ሲጻፍ ከጄምስ በኋላ ጭረቷ ብቻ ናት ያለችው። ለንደን ውስጥ ያለው መናፈሻ ሴንት ጄምስ ፓርክ ግን ከጭረቷ ቀጥሎ ኤስ አለው፣ ሲጠራም «ጄምሲዝ» ነው። አገሩ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ አጻጻፉ ሁለት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጨምሩ። አፋችሁ «ዮናሲዝ» ካለ እጃችሁም ይጻፈው። ብቻ አንዱን ከመረጣችሁ በዚያው ጽኑ፤ ታፔላው አንድ ዓይነት፣ ሜኑው ሌላ ዓይነት ሲሆን ያስቃል።

የአባት ስም ከተከተለ ጭረቷ መጨረሻው ላይ ብቻ ናት፦ ዮሐንስ ኢድሪስ’ስ ሱቅ። ሁለት ሰዎች በሽርክና የከፈቱት ቤት ከሆነም እንዲሁ፣ የኋለኛው ስም ላይ ብቻ፤ አባስ እና ዮናስ’ስ ጋራዥ። ጋራዡ ለየቅል ከሆነ ግን ሁለቱም ላይ ትገባለች። በነገራችን ላይ ንጉሤና ካሳ እዚህ ውስጥ የሉበትም፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፉ በአናባቢ ስለሚያልቁ እንደማንኛውም ስም ጭረትና ኤስ ነው።

ላሊበላ ያላችሁ አስጎብኚዎች ደግሞ ይሄ ነገር ሳይሰለቻችሁ አይቀርም። ቤተ ጊዮርጊስ፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ፣ ሁሉም በኤስ ያልቃሉ፤ ወደ ደሴ ስትመጡም ሐይቅ እስጢፋኖስ አለላችሁ። ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ስለተቀረጹት መስቀሎች ስትጽፉ «ቤተ ጊዮርጊስ’ስ ጣሪያ» ብትሉ ሕጉ ይፈቅዳል። ግን ምላስ ያስራል። እንዲህ ባለ ረጅም ስም ላይ «ኦፍ»ን ተጠቅማችሁ ጣሪያውን ከፊት፣ ስሙን ከኋላ ብታደርጉ ይቀላል፣ ጭረትም ኤስም አያስፈልግም።

ታፔላ ላይ ደግሞ ጭራሹኑ መተው ይቻላል። «ዮናስ ካፌ» ብቻ ብሎ መጻፍ በእንግሊዝኛም ያስኬዳል። ጭረቷ የግድ ትግባልኝ ካላችሁ ግን ለታፔላ ጸሐፊው በስልክ አትንገሩት፤ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉና ጭረቷን አክብባችሁ ስጡት፣ ቀለሙ ሳይደርቅም ሄዳችሁ እዩት።