ቦቴ ከመጥራታችሁ በፊት፦ ዝቃጩ ለምን በዛ?

ባሕር ዳር ክረምት ሲገባ ስልኬ አያርፍም። «ቦቴው ባለፈው ሳምንት መጥጦ ሄደ፣ ገንዳው ዛሬ ሞልቷል!» ደዋዩ የሐይቅ ዳር ሆቴል ይሁን የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ቅሬታው ያው ነው። የከተማ ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ብዙ ጊዜ ግን የበዛው ዝቃጭ፣ ማለትም ፍሳሽ ሲጣራ ከታች የሚዘቅጠው ጭቃ፣ አይደለም። ውሃ ነው በገንዘባችሁ የምታስጭኑት።

ምልክት፦ ቦቴው ይመላለሳል፣ የሚጫነው ግን ቀጭን ነው

በባልዲ ቅዱና አፍስሱት። እንደ ጠላ ከወረደ ቀጭን ነው፤ እንደ አጥሚት ከወረደ ደህና ነው። ደረቁ ነገር 1 በመቶ ብቻ ከሆነ፣ ከ100 ሊትሩ 99ኙ ውሃ ነው ማለት ነው። ወደ 4 በመቶ ብታወፍሩት መጠኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቦቴው አራት ጊዜ መምጣቱ ቀርቶ አንዴ ይመጣል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ዝቃጩን ከማዝቀጫው ገንዳ ሥር የሚስበው ፓምፕ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ቆሜ አይቻለሁ፦ ሠራተኛው ፓምፑን ከፍቶ ቡና ሊጠጣ ወጣ። መጀመሪያ ጥቁር ወፍራም መጣ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቀጠነ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከላይ ሰርስሮ የወረደ ውሃ ነው። ቡናው ግን ሦስተኛ ድረስ ተጠጣ።

መፍትሄው ፓምፑን ለአጭር ጊዜ ከፍቶ ማሳረፍ፣ ደግሞ መክፈት ነው። የወጣውን በሌላ ጋን አሳድሩትና ከላይ የጠራውን ወደ ማጣሪያው መግቢያ መልሱ። ከአንድ ቀን በላይ ግን አታቆዩት፤ በእኛ ሙቀት ቶሎ ይሸታል።

ምልክት፦ ዝቃጩ ከባድ ነው፣ በጓንት ሲፈተግ ይሻክራል

አሸዋ ነው። የክረምት ጎርፍ በማንሆል ክዳን፣ ወይም የጣሪያው አሸንዳ ከፍሳሽ መስመር ጋር ስለተገናኘ ይገባል። አሸዋን የሚበላ ባክቴሪያ የለም። አሸንዳውን ንቀሉ፣ ክዳኑን ጠግኑ፣ የአሸዋ መያዣውን ከሰኔ በፊት አጽዱ።

ምልክት፦ ዝቃጩ አይቀመጥም

አየር ከሚነፋበት ገንዳ ቀድታችሁ ባለ 1 ሊትር መለኪያ ሲሊንደር ሙሉ። ሳትነኩት 30 ደቂቃ ጠብቁ። ዝቃጩ 900 ሚሊ ሊትር ላይ ከቆመ፣ ግማሽ በግማሽ በጠራ ውሃ አቅጥናችሁ ድገሙት። አሁን በደንብ ከወረደ ገንዳው ውስጥ ያከማቻችሁት በዝቷል፤ ቀንሱ። አሁንም ተንጠልጥሎ ከቀረ ክር መሰል ባክቴሪያ ወርሶታል።

እዚህ ላይ አየሩን ጠርጥሩ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። በ20 ዲግሪ ሙቀት ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል፤ እዚህ ግን 7.3 አካባቢ ነው። ለቆላ ወደብ የተሰላ ብሎወር፣ ማለትም አየር መንፊያ ማሽን፣ እዚህ ያጥረዋል። ገንዳው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን በሊትር 2 ሚሊ ግራም አካባቢ ይሁን። ሌላው ተጠርጣሪ ወጥ ቤት ነው፦ የአሳ መጥበሻ ዘይትና አተላ። ለዘይቱ የቅባት መያዣ ሥሩ፤ አተላውን ለከብት።

ምልክት፦ ከተቀመጠ በኋላ በአረፋ ታጅቦ ይነሳል

ናይትሮጅን ጋዝ ነው የሚያነሳው። ማዝቀጫው ውስጥ አታቆዩት፣ ቶሎ አየር ወደሚነፋበት ገንዳ መልሱት።

ምልክት፦ ሁሉም ደህና ነው፣ ዝቃጩ ግን የምር ብዙ ነው

ይሄ የባክቴሪያ ሥጋ ነው። ከሚወገደው አንድ ኪሎ የሚበሰብስ ቆሻሻ፣ ባለሙያ ቢኦዲ የሚለው፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ ደረቅ ዝቃጭ ይወጣል። ዕድሜውን፣ ማለትም ገንዳው ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ፣ አርዝሙት። ገንዳው ውስጥ 400 ኪሎ ደረቅ ካለና በቀን 40 ካስወገዳችሁ ዕድሜው 10 ቀን ነው። ወደ 20 ቀን ቢጠጋ ባክቴሪያዎቹ እርስ በርስ ይበላላሉ፣ የእኛም ሙቀት ያግዛል። ግን አየር ይጨምራል፣ የመብራት ሂሳቡም አብሮ። አቅም ካለ የባዮጋዝ ገንዳ ከሚበሰብሰው ግማሽ ያህሉን ያጠፋል። «ዝቃጭ የሚበላ ዱቄት» ላይ ግን እኔ ብር አላወጣም፤ አንዴ አውጥቼ ቀምሼዋለሁ።

ምልክት፦ ዝቃጩ በድንገት ቀነሰ

ደዋዩ የሚደሰትበት፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። በዝናብ ጊዜ ከሆነ፣ ዝቃጩ ከሚወጣው ውሃ ጋር እየሄደ ሊሆን ይችላል። ወዴት? ወደ ጣና፣ ለእምቦጭ ቀለብ። የሚወጣውን ውሃ ጠዋትና ዝናብ ሲያባራ በብርጭቆ ቅዱና ወደ ብርሃን አንሱት። ቡናማ ብናኝ ከዋኘበት ዛሬውኑ የጎርፉን መግቢያ ፈልጉ፤ ቦቴውንም ጥሩ።