በፈረንሳይ ገጠር ጭር ያለ የብስክሌት መንገድ እንዴት ይመረጣል?

ፈረንሳይ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ብዙው መኪና አልፎ አልፎ ብቻ የሚያየው የገጠር መንገድ ነው። ጠበብ ይላል፤ አስፋልቱ ግን ደህና ነው። አገሪቱ ኮሚዩን የሚባሉ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ የአካባቢ አስተዳደሮች አሏት። መቶ ሰው የማይሞላው መንደር እንኳ የራሱ ከንቲባ አለው፤ ወደ መንደሩ የሚያስገባውም መንገድ ባለቤት አለው።

ለብስክሌተኛ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ስልኩን ከፍቶ "እዚያ አድርሰኝ" ያለ ሰው ግን አያገኘውም። እኔም መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ስልኬ ያወጣልኝን መንገድ ዝም ብዬ ተከተልኩ። አጭሩን መርጦልኝ ነበር። ለካ የከባድ መኪና ሾፌሮችም የሚመርጡት እሱኑ ነው። ሃያ ኪሎ ሜትር ሙሉ ከኋላዬ የሚመጣውን ሞተር ሳዳምጥ ግራ ቀኜን ሳላይ ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ መንገዴን የማወጣው ራሴ ነኝ። እንዲህ አድርጌ ነው።

1. የመንገዱን ፊደልና ቀለም ለዩ

የፈረንሳይ መንገዶች ፊደልና ቁጥር አላቸው። "ኤ" የፍጥነት መንገድ ነው፤ ብስክሌት አይገባበትም። "ኤን" ብሔራዊ አውራ ጎዳና ነው፤ ባትደርሱበት ይሻላል። "ዲ" ዲፓርትማን የሚባለው አስተዳደር መንገድ ሲሆን፣ "ሲ" ደግሞ የኮሚዩኑ የራሱ ነው። የምትፈልጉት ያለው በእነዚህ በሁለቱ ውስጥ ነው።

ፊደሉን ብቻ አትመኑ። ብዙ የድሮ ብሔራዊ መንገዶች በኋላ ለዲፓርትማኖች ተላልፈዋል። በቡርጎኝ አካባቢ ከሻሎን ሱር ሶን ከተማ ወደ ቱርኑ ከተማ በቀጥታ የሚወስደው ዲ906 ድሮ ብሔራዊ መንገድ ቁጥር 6 ነበር። ስሙ ተቀየረ እንጂ መኪናው አልቀነሰም።

ስለዚህ ቀለሙንም እዩ። ሚሼላን የሚባለው ኩባንያ በሚያትመው የወረቀት ካርታ ላይ ዋና መንገድ ቀይ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቢጫ፣ ትንሹ ነጭ። የእናንተ ነጩ ነው። ከጎኑ አረንጓዴ መስመር ካለው ዕይታው ያማረ ነው ማለት ነው። ትንንሽ ቀስቶች ካያችሁ ዳገት አለ። አንድ ቀስት ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ቀስት ከ9 እስከ 13 በመቶ፣ ሦስት ቀስት ከ13 በመቶ በላይ ነው። ቀስቱ የሚያመለክተው ዳገቱ ወደሚወጣበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ መንገዱን በየት በኩል ብትጀምሩት እንደሚቀላችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ መወሰን ትችላላችሁ።

2. "ይህን መንገድ ማን ይፈልገዋል?" ብላችሁ ጠይቁ

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህ ጥያቄ ነው። መኪና የሚበዛው መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሆነን ሰው ወደ ሆነ ቦታ ቶሎ ስለሚያደርስ ነው። ነጭ መንገድም ቢሆን ከትልቅ ከተማ ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ድንጋይ ማውጫ የሚያቋርጥ ከሆነ ጠዋትና ማታ ይጨናነቃል። በተቃራኒው አጠገቡ ሌላ ፈጣን መንገድ ካለ፣ የቸኮለ ሁሉ ወደዚያ ይሄድና ትንሹን ለእናንተ ይተውላችኋል። ስለዚህ የፍጥነት መንገድ ያለበትን አካባቢ አትሽሹ። ከሱ አሥር ኪሎ ሜትር ገባ በሉና ፈልጉ።

ሌላም ዘዴ አለ። የመንገዱን ፎቶ የሚያሳይ ካርታ ኢንተርኔት ላይ ክፈቱና አስፋልቱን ተመልከቱ። መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ካልተቀባ መንገዱ ጠባብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ጭር ያለ ነው።

3. ከባቡር ጣቢያ ጀምሩ፣ ባቡር ጣቢያ ላይ ጨርሱ

ቲኢአር የሚባሉት የክልል ባቡሮች ብዙውን ጊዜ ብስክሌት በነፃ ይጭናሉ። በአንዳንድ ክልሎች ግን በሙቀቱ ወራት ቦታ መያዝ ይጠየቃል፤ ከመውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ። በፈጣኑ ቴዤቬ ግን ለብስክሌቱም ቦታ ቀድሞ ማስያዝና መክፈል ያስፈልጋል፤ ብስክሌት የማይቀበል ባቡርም አለ።

መነሻና መድረሻ ጣቢያችሁን ስትመርጡ፣ በመሐላቸው ያሉትን ትንንሽ መንደሮች በነጩ መንገድ አያይዟቸው። ስልክ ላይ ስታስገቡ መድረሻውን ብቻ አትጻፉ። በየመንደሩ አንድ አንድ ነጥብ አስቀምጡ። አለበለዚያ ስልኩ መልሶ ወደ ቀዩ ይስባችኋል። ካርታውንም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል።

4. ለመጀመሪያ ቀን የምመክረው መንገድ

ከሻሎን ሱር ሶን ተነስታችሁ ቱርኑ ላይ የምትጨርሱት ነው። ወደ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለቱም ከተሞች በዲዦንና በሊዮን መካከል ባለው የባቡር መስመር ላይ ናቸው። በሶን ወንዝ ዳር የፍጥነት መንገዱም፣ ዲ906ም አብረው ይወርዳሉ። የቸኮለ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ኮረብታው ለእናንተ ይቀራል።

ከሻሎን ወደ ምዕራብ ወደ ዢቭሪ ውጡ። ከዚያ ቩዋ ቬርት፣ አረንጓዴ መንገድ እንደማለት ነው፣ ይጀምራል። በድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራና ለመኪና የተከለከለ መንገድ ነው። እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከፈት በፈረንሳይ የመጀመሪያው ነበር። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ለእግር ማሟሟቂያ ከዚህ የተሻለ የለም። በቡክሲ የወይን ተክሎች አጠገብ ታልፋላችሁ፤ ቀጥሎ ሴን ዠንጉ፣ ከዚያ ኮርማታን።

ያልቸኮለ ሰው በዚያው ወደ ክሉኒ ይቀጥል። እ.ኤ.አ. በ910 የተመሠረተው ገዳም ፍርስራሽ እዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የሮማው ቅዱስ ጴጥሮስ እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ዓለም ትልቁ ነበር።

እኔ ግን ኮርማታን ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፌ ዲ14ን እይዛለሁ። ከዲ906 ጋር ፊደል ይጋራል እንጂ ጠባዩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ሻፔዝ ይመጣል። ጥቂት ቤቶች፣ መሐላቸው ደግሞ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን የቆመ ረጅም የደወል ግንብ። ብስክሌቱን አስደግፋችሁ ግቡ፤ ውስጡ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ቀጥሎ ወደ ብራንሲዮን ዳገቱ ይጀምራል። ማርሹን ቀድማችሁ አቅልሉ። ብራንሲዮን በኮረብታ አናት ላይ ያለ በግንብ የታጠረ መንደር ሲሆን፣ ጎብኚ መኪናውን ውጭ አቁሞ ነው የሚገባው። ከዚያ እስከ ቱርኑ አብዛኛው ቁልቁለት ነው።

ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2024 የነጥብ አሸናፊው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ለኤርትራ ወሰደ። እነሱን በቴሌቪዥን ያየ ሰው የፈረንሳይ ብስክሌት ማለት የአልፕስ ተራራ ይመስለዋል። ይህኛው መንገድ ግን መደበኛ ሰው በመደበኛ ብስክሌት የሚጨርሰው ነው።

5. ሕጉን እወቁ

ከከተማና ከመንደር ውጭ መኪና ሲያልፋችሁ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ በውስጥ 1 ሜትር መራቅ አለበት። ጆሮ ላይ ማዳመጫ ማድረግ ክልክል ነው። ሄልሜት ከ12 ዓመት በታች ግዴታ ነው፤ አዋቂም ቢያደርገው እመክራለሁ። ከመንደር ውጭ ሲመሽ ወይም ጭጋግ ሲሆን አንጸባራቂ ሰደርያ ይለበሳል።

ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ የምለው በየመንደሩ ያለውን የቀኝ ቅድሚያ ነው። ምልክት በሌለበት መገናኛ ላይ ከቀኝ የሚመጣ ሁሉ ቅድሚያ አለው፤ ከትንሽ ቅያስ የሚወጣ ትራክተርም ቢሆን። መሐሉ ቢጫ የሆነ አራት ማዕዘን ምልክት ካያችሁ ግን ቅድሚያው የእናንተ ነው።

በሙቀቱ ወራት "ግራቪዮን" የሚል ምልክት ካያችሁ ፍጥነት ቀንሱ። አዲስ የፈሰሰ ጠጠር ነው፤ ኩርባ ላይ ጎማ ያንሸራትታል።

6. ውኃና ዳቦ

መንደሩ ውስጥ ሱቅ ላይኖር ይችላል። ቢኖርም ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ይዘጋል። እሑድ ከሰዓት በኋላና ሰኞ ዳቦ ቤቶችም ብዙ ጊዜ ዝግ ናቸው። ስለዚህ ጠዋት ስትነሱ ግዙና ያዙ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ባጌት ትራዲሲዮን የሚባለውን ጠይቁ። ወተትና ቅቤ አይገባበትም። ክሩዋሳን ግን ቅቤ አለው።

ውኃ ሲያልቅባችሁ የመቃብር ስፍራ ፈልጉ። አበባ ለማጠጣት ቧንቧ አለው፤ የፈረንሳይ ብስክሌተኞችም ከዚያ ይቀዳሉ። "ኦ ኖን ፖታብል" የሚል ከተጻፈበት አትጠጡት። በር ስትከፍቱ ቀስ ብላችሁ ነው፤ ሰው ካለ "ቦንዡር" በሉ።

ትርፍ ከመነዳሪ፣ መንፊያና ጎማ ማውለቂያ ሳትይዙ አትውጡ። በነዚህ መንገዶች ላይ የሚረዳ መኪና እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። አደጋ ከደረሰ 112 ደውሉ። ቱርኑ ስትደርሱ መጀመሪያ ጣቢያው ሄዳችሁ የሚቀጥለው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ እዩ። ጊዜ ከተረፈ ወንዙ ቅርብ ነው፤ እግራችሁን ዘርግታችሁ የቀረውን ዳቦ እዚያ ጨርሱ።